አጥር ነቅናቂው ባለቤቱን አያውቀውም

ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልላዊ መንግሥት ቢሮዎች፣
ለቤንች ሸኮ እና ለሸካ ዞን አስተዳደሮች፣
የቡና ገበሬዎችን መረጃ ለምትሰበስቡ ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና ፕሮጀክቶች በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ በነጻ በሚገኝ የዊኪ ሶፍትዌር ላይ የሰው መረጃ ከማስቀመጣችሁ በፊት ኃላፊ እንድትሰይሙለት ስለመጠየቅ

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኤክስዊኪ የተባለውን ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች በሥራቸው ላይ የተገኘውን ከባድ ጉድለት ራሳቸው ለዓለም ይፋ አደረጉ። ዊኪ ማለት ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጽፍበት፣ የሚያርምበትና የሚፈልግበት የጋራ መዝገብ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው አማርኛው ዊኪፒዲያም ሚዲያዊኪ በተባለ በዚሁ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ጉድለቱ ሲቪኢ-2023-50719 የሚል መለያ ቁጥር ተሰጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤክስዊኪ መፈለጊያ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ማውጫ ያዘጋጃል። ማውጫውን ሲያዘጋጅ ታዲያ ማንም እንዲያየው ያልታሰበውን የተጠቃሚዎቹን የፓስዎርድ ሃሽ፣ ማለትም በስሌት የተለወጠውንና ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው ፈትቶ ዋናውን ሊያገኝበት የሚችለውን የፓስዎርድ ቅጂ፣ አብሮ ገልብጦ ኖሯል። የአንድን ተጠቃሚ መገለጫ ገጽ ማየት የሚችል ማንኛውም ሰው በመፈለጊያው ሳጥን ተገቢውን ጥያቄ ቢጽፍ ሃሹ ይዘረገፍለት ነበር። መገለጫ ገጾቹ ደግሞ አስተዳዳሪው ካልዘጋቸው በስተቀር ለሁሉም ክፍት ነበሩ። በማሟያ ፕሮግራሞች በኩል የተቀመጡ አንዳንድ ፓስዎርዶችና ቁልፎችማ ሃሽ እንኳ ሳይደረጉ እንዳሉ ይነበቡ ነበር። አብሮት ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2023-50720 ደግሞ እንዲሸፈኑ የታዘዙ የኢሜይል አድራሻዎችን በዚያው መፈለጊያ በኩል ያወጣ ነበር። በር አልተሰበረም፤ ቁልፍም አልተሰረቀም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማንም መጥቶ የጠየቀውን ሁሉ በትሕትና መለሰ፤ ይኸው ነው።

ይህን ከሚዛን አማን የምጽፍላችሁ ጉዳዩ የሩቅ አገር የኮምፒውተር ወሬ ሆኖ ስላልታየኝ ነው። ክልላችን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን በአንድ ከተማ አላደረገም፤ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈለው። ቢሮዎቹ በአራት ከተማ ተበትነው ሲሠሩ አንድ ሰነድ በመኪና ሲመላለስ መክረም የለበትም። የጋራ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ መክፈት ተገቢ ነው፤ ከሚሸጠው ይልቅ በነጻ የሚገኘውን መምረጥም ብልህነት ነው። እገሌ ቢሮ ኤክስዊኪን ጭኗል፣ እገሌ ዩኒየን መረጃ አፍስሷል ብዬ የማቀርበው ክስ የለኝም። የማነሣው ጥያቄ ከዚያ የቀደመ ነው፤ የጫናችሁትን ሶፍትዌር ስሙን፣ ቨርዥኑንና የሚጠብቀውን ሰው ዛሬ ብትጠየቁ ከእናንተ መካከል ስንቱ ወዲያው መመለስ ይችላል?

ጥያቄውን አሁን የሚያስቸኩለው ቡናችን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ደንቡ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ አስመጪዎች ወደ እ.ኤ.አ. 2026 መጨረሻ ቢገፋም ምዝገባው ግን የሚጠብቅ አይደለም። ደንቡ የሚያዘው ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ይዞ እንዲቀርብ ነው፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ደግሞ የዙሪያው ቅርጽ በሙሉ ይፈለጋል። ስድስተኛው አሃዝ በመሬት ላይ ሲለካ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ስንዝር ማለት ነው። (በእጃችን ያለው ስልክ ያን ያህል አጥርቶ አይለካም፤ ደንቡ ግን የሚቆጥረው አሃዙን ነው።) ከዚህ መገኛ ጋር የገበሬው ስም ከነአያቱ፣ የስልክ ቁጥሩ፣ ቀበሌው፣ የማኅበር አባልነቱ፣ ከዓመት ዓመት ያስረከበው እሸትና ጀንፈል፣ አንዳንዴም የብድሩ ሁኔታ አብሮ ሊመዘገብ ይችላል። በጓሮው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቡና ያለው የሸኮ ወይም የየኪ ወረዳ ገበሬ በዘመኑ ተመዝግቦ የማያውቀውን ያህል ሊመዘገብ ነው። ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ የት እንደሚያድር ግን ለእሱ የሚነግረው የለም።

የዊኪ ሶፍትዌር ቀዳዳ እንዴት እንደሚፈጠር አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ምክንያቱም የሁለቱ መመሳሰል የዚህ ደብዳቤ ዋና ማስረጃ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሚዲያዊኪም ተመሳሳይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ሚዲያዊኪን ለውስጥ ሥራ የሚጠቀሙ ድርጅቶች መዝገቡን በሙሉ ዘግተው፣ ሳይመዘገቡ የሚታይ አንድ ገጽ ብቻ፣ ለምሳሌ የመግቢያ መመሪያ፣ ይተዋሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ የቀድሞ እርማትን ለመሻር የሚያገለግል ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ እንግዳውን ሲፈትሽ የሚያየው የጠየቀውን ገጽ ስም ነበር፤ ጽሑፉን ሲያመጣ ግን የሚከተለው የእትሙን ቁጥር ነበር። ስለዚህ ክፍት በሆነው ገጽ ስም ገብቶ የተዘጋውን ገጽ የእትም ቁጥር የጻፈ ሰው የተዘጋው ጽሑፍ ይቀርብለት ነበር። ዘበኛው የመታወቂያውን ስም አይቶ አሳልፎ የሚሰጠውን ፖስታ ግን ሳያይ እንደማለት ነው። ማስተካከያው በዚያው ዕለት በ1.35.5፣ በ1.36.3 እና በ1.37.1 ቨርዥኖች ወጣ፤ ማዘመን ያልቻለ ሰው እንኳ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ጥቂት መስመር ጨምሮ ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችል ነበር። በሁለቱም ሶፍትዌሮች ዋናው በር ደኅና ነበር። መረጃው የወጣው በመፈለጊያው፣ በእርማት መሻሪያው፣ ማለትም ለሠራተኛው ምቾት ተብለው በተጨመሩት የጎን መስኮቶች ነው። ለዚህ ነው «ፓስዎርድ አድርገንበታል» የሚለው መልስ እኔን የማያሳርፈኝ።

ዊኪ አንድ ሌላ ጠባይም አለው። የሚያስታውሰው እስከ ሥር መሠረቱ ነው። አንድ ሠራተኛ የ300 ገበሬዎችን ስልክ ቁጥር በስሕተት በአንድ ገጽ ላይ ለጥፎ በማግስቱ ቢያጠፋው ገጹ ላይ አይታይም እንጂ በእትሞች ታሪክ ውስጥ እንዳለ ይኖራል። ዊኪን ጥሩ የሚያደርገው ይህ ትዝታው ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ ይታወቃል፣ የተበላሸው ይመለሳል። ለሰው መረጃ ግን ይኸው በጎ ጠባይ ጠላት ይሆናል። በእኔ ግምት ዊኪ የሚመቸው ቡና እንዴት እንደሚገረዝ፣ ኮረሪማና እርድ እንዴት እንደሚደርቁ፣ የቅሬታ ማመልከቻ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ ለማስፈር ነው። ማሳው የማን እንደሆነ ለመመዝገብ አይመችም። ለዚያ የተለየ፣ ማን መቼ እንዳየው የሚመዘግብና ሲታዘዝ በእርግጥ የሚያጠፋ የመረጃ ቋት ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት መጠበቅ ብቻውን የአደጋውን ግማሽ ያስወግዳል።

የቀረው ግማሽ የኃላፊ ጉዳይ ነው። የኤክስዊኪ ሠሪዎች ጉድለታቸውን ሲያስታውቁ 14.10.15 እና 15.5.2 ቨርዥኖችን ከነማስተካከያቸው በነጻ አቅርበው ነበር። የማስተካከያው ኮድ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ግን ቀዳዳው የት እንደነበር ከዚያው አንብቦ የሚረዳ ክፉ ሰውም አይጠፋም። ማስታወቂያው በወጣ ዕለት ሁለት ሰዎች ሩጫ ይጀምራሉ፤ አንዱ ሰርቨሩን የሚያዘምነው የቢሮው ባለሙያ፣ ሁለተኛው ያልዘመነውን የሚፈልገው ዘራፊ። በቢሮው በኩል የሚሮጥ ከሌለ ውድድሩ ያለቀ ነው። የዚሁ የኤክስዊኪ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሲቪኢ-2025-24893 የተባለው ሌላ ቀዳዳ፣ እሱም በመፈለጊያው በኩል፣ ያልተመዘገበ እንግዳ በሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስኬድ ይፈቅድ ነበር። ማስተካከያው እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ፤ ዝርዝሩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው የሳይበርና መሠረተ ልማት ደኅንነት ኤጀንሲ ቀዳዳውን በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ዘራፊዎቹ በሰው ሰርቨር ላይ የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ ሲጭኑበት ተገኝተዋልና። የተጠቁት መድኃኒቱ በነጻ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወስዱ የቆዩት ናቸው። ኮዱ ክፍት መሆኑ አልነበረም የጎዳቸው፤ ሰርቨሩ የእኔ ነው የሚል ሰው አለመኖሩ እንጂ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ተቃውሞ እሰማለሁ፤ «እንዲህ ከሆነማ ነጻውን ትተን ኩባንያ ከሚሸጠው እንግዛ።» ይህ መፍትሔ አይደለም። ኮንፍሉዌንስ የተባለው የአትላሲያን ኩባንያ ዊኪ የሚሸጥ ነው፤ ኮዱም እንደ ኤክስዊኪ ለሁሉም ክፍት አይደለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከኮንፍሉዌንስ ጋር የሚጫን አንድ ማሟያ ሲጫን የራሱን የተጠቃሚ ስም እንደሚፈጥርና ፓስዎርዱም በየደንበኛው ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ ታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ያ ፓስዎርድ በትዊተር ላይ ወጣ። የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይጋለጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ይህች አገር ያለ ክፍት ኮድ መቆም አትችልም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት የኮድ መሠረት ላይ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥርዓትም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ2 የተሰኘ ክፍት ሶፍትዌር ነው። በውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ከመግዛት ይልቅ ያንን ገንዘብ ለአንድ ባለሙያ ደመወዝ ማዋል ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነጻ ሶፍትዌር የሚያስቀርልን የፈቃዱን ክፍያ እንጂ የጥበቃውን አይደለምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ በፈገግታ የሚነገር ነው፤ «ማን እኛን ይፈልጋል? አማን የት፣ ዘራፊው የት?» አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይሉ ነበር። በመንደር ኑሮ እውነት ነው፤ ነቅናቂው ባለቤቱን አይቶ፣ መዝኖና ንቆ ነው የሚነካው። በኢንተርኔት ላይ ግን አጥር ነቅናቂው ባለቤቱን አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ሠርተው በአንድ ተራ ኮምፒውተርና በአንድ ጥሩ መስመር አይፒቪ4 የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አዳርሰው ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኳኳቱ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ የማሽን ሥራ ሆኗል። ማሽኑ ቢሮው የሚኒስቴር ይሁን የወረዳ፣ ከተማው ፓሪስ ይሁን ቴፒ አይለይም፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያልዘመነ ነው ወይ? ርቀታችን ከቀማኛ እንጂ ከማሽን አያድነንም።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከባህላችን ውስጥ የሚመጣ ነው። «የገበሬው ማሳ የት እንዳለ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ምኑ ነው ሚስጥሩ?» ይባላል። እውነት ነው፣ ቀበሌው ያውቃል። ቀበሌው የሚያውቀው ግን ከዝምድና፣ ከዕድርና ከይሉኝታ ጋር ነው፤ የጎረቤቱን ችግር የሚያውቅ ሰው ነገ በዚያው ጎረቤት ፊት የሚቀመጥ ነው። በሰንጠረዥ የተደረደረ የሺዎች ስም፣ ስልክ፣ ማሳና ዕዳ ግን ይሉኝታ የለውም። ማን ብድር እንዳለበትና ምን ያህል ቡና እንደሚጠብቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰብሳቢ ገና ሳይለቀም በርካሽ መዋዋል ይችላል። የማን ማሳ በስሙ እንዳልተረጋገጠ የሚያውቅ ሰው የድንበር ክርክር ሊከፍት ይችላል። የስልኩ ቁጥርና የማኅበሩ ስም በእጁ ያለ አጭበርባሪ «ከዩኒየኑ ነው የምደውለው» ብሎ የገበሬውን የሞባይል ገንዘብ ሊወስድ ይችላል። የሠራተኛው ፓስዎርድ ቢወጣ በአምስት ደቂቃ ይለወጣል። የገበሬው ማሳ ግን ከቦታው አይነሣም፤ የአያቱ ስምም አይለወጥም። አንዴ ከወጣ የወጣ ነው፤ ለዚህ ዓይነት መረጃ የሚወጣ አፕዴት የለም።

«ኢንሳ አለ፤ ሕግም አለ» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) የአገሪቱን ሳይበር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቢሮው ራሱ መጫኑን የማያውቀውን ሶፍትዌር ኢንሳ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊያዘምንለት አይችልም። ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስበውን አካል በስሙ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ መረጃ ሲፈስም በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሦስት ቀን አጭር ነው። ሰርቨሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቆ ከሄደ ቢሮው ሦስቱን ቀን የሚፈጀው ፓስዎርዱን በመፈለግ ነው።

«ባለሙያ የለንም» የሚለውን ግን በዚህ አካባቢ መቀበል ይከብደኛል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በአማንም በቴፒም አጠገባችን ነው፤ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎችንም ያስተምራል። አንድን የዊኪ ሰርቨር ለመጠበቅ ሊቅ አያስፈልግም። የሶፍትዌሩን የደኅንነት ማስታወቂያ በኢሜይል የሚቀበል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቨርዥኑን የሚያይ፣ ከማዘመኑ በፊት ባክአፕ የሚይዝ፣ ሥራ ሲለቅ ደግሞ ቁልፉን በፊርማ የሚያስረክብ ሰው ይበቃል። የጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ መኪና እንኳ ያለ ርክክብ ሰነድ አይወጣም። የሺህ ገበሬ ስም የያዘው ሰርቨር ከዚህ የሚያንስ ክብር ያለው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ግን ተማሪዎቹን ያስፈራቸዋል፤ መፍራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰውን ሥርዓት መድረስን በወንጀል ያስቀጣል። ይህ ተገቢ ነው፤ ቀማኛ መቀጣት አለበት። ነገር ግን በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ጽፎ የማይገባው ነገር የወጣለት ቅን ተማሪ ያየውን ለማን እንደሚነግር አያውቅም፤ ቢናገር ተመስግኖ ይሁን ተከሶ እንደሚመለስም አያውቅም። ስለዚህ ዝም ይላል። የኤክስዊኪና የሚዲያዊኪ ጉድለቶች ታርመው ለእኛ የደረሱት ጉድለት ያገኘ ሰው በሚስጥር የሚያስታውቅበት አድራሻ ስላለና ከታረመም በኋላ ነገሩ በይፋ ስለሚነገር ነው። ያንን ልማድ ትተን ሶፍትዌሩን ብቻ ወስደን ከሆነ የወሰድነው ጎደሎ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የጫናችሁትን ሶፍትዌር ሁሉ ስሙን፣ ቨርዥኑንና የኃላፊውን ስም የያዘ አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጁ። ኃላፊ ሊሰየምለት ያልቻለው ሰርቨር እስኪሰየምለት ድረስ ከኢንተርኔት ይነሣ፤ ማንም የማይጠብቀው መዝገብ በፍላሽ ዲስክ በቁም ሳጥን ተቆልፎ ቢቀመጥ ይሻላል። የገበሬውን ማሳ፣ ስልክና ብድር ከዊኪ ላይ አውጡ፤ ከእትሞች ታሪክ ጭምር። ጉድለት ያየ ሰው የሚጽፍበት አንድ አድራሻ በየድረ ገጻችሁና በየማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉ፤ በቅንነት የጠቆመ ሰው እንደማይከሰስም በጽሑፍ አረጋግጡ። ማሳውን ለክታችሁ ለምትሄዱበት ገበሬም መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና ቢፈስ ማን እንደሚነግረው በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በሸክኖኖና በካፊኖኖ ንገሩት።

የዘንድሮው ለቀማ ሳይጀመር መልሳችሁን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብታወጡልን እናነበዋለን።

ከሰላምታ ጋር
ከአማን

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ